ዋልካና ቀይ አፈር፦ የአፈር ትምህርት ከየት እንደ መጣ



በዚህች መጽሔት ላይ በየዓመቱ ስለ እድር አመሠራረት፣ ስለ ጤና አጠባበቅ፣ ስለ ልጆች አስተዳደግ ብዙ ተጽፏል። ስለ አፈር ግን እስካሁን የጻፈ አላየንም። ይህም ትንሽ ያስገርማል። ከአፈር ጋር የእድርን ያህል የቀረበ ዝምድና ያለው ምን ማኅበር አለ?

ቀድሞ መቃብር የሚቆፍሩት የእድሩ ጎልማሶች በነበሩበት ዘመን፣ መርዶ ሲሰማ ዶማና አካፋ ይዘው ቀድመው የሚሄዱት ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት «ቀብሩ የት ነው?» ብለው ነበር። ጥያቄው ስለ መንገዱ ርቀት ብቻ አልነበረም፤ ስለ አፈሩም ነበር። ወደ እንጦጦ ግርጌ ከሆነ ቀይ አፈር ነው። ቀይ አፈር ዶማ ይቀበላል፤ የጉድጓዱ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ዝናብ ቢዘንብም ውሃው ሰርጎ ይሄዳል። ወደ ቦሌ ወይም ወደ አቃቂ በኩል ከሆነ ግን ጥቁር ዋልካ ይገጥማል። ዋልካ በበጋ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ያለ ዲጂኖ አይነካም። በክረምት ደግሞ ከአካፋው አልላቀቅ ይላል፤ ጫማ ውጦ ያስቀራል፤ ጉድጓዱ ተቆፍሮ ሳያልቅ ውሃ ያቁራል። ስለዚህ ለዋልካ ስድስት ሰው፣ ለቀይ አፈር አራት ሰው ይበቃል ይባል ነበር። ይህን ያወጡት ቆፋሪዎች አንዳቸውም ስለ አፈር በትምህርት ቤት የተማሩ አልነበሩም።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው እኛ ደግሞ የተማርን ነን የምንል ሁለት ጡረተኛ መምህራን ነን። ሁለታችንም ጂኦግራፊ ስናስተምር ኖረናል። ሁለታችንም የእድሩ ዕቃ ቤት ሲሠራ የግንባታው ኮሚቴ አባላት ነበርን። እንግዲህ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ድንኳኑ፣ ወንበሩና ብረት ድስቱ የሚቀመጥበት ያ ቤት በተሠራ በሦስተኛው ዓመት ግድግዳው ከመስኮቱ ጥግ ጀምሮ ሰያፍ ተሰነጠቀ። ስንጥቁ በክረምት ይጠባል፤ በበጋ ይሰፋል፤ አሁን እጅ ያስገባል። ቤቱ ሊሠራ ሲል በመንገድ ሥራ ላይ ያረጁ አንድ አባላችን «ዋልካውን ጠርጋችሁ አውጡትና ገረጋንቲ ሙሉበት፤ አለዚያ ይጫወትባችኋል» ብለውን ነበር። እኛ ግን ገንዘብ የለም ብለን አለፍናቸው። እውነቱን ለመናገር የገንዘቡ ነገር ብቻ አልነበረም፤ የተናገሩት ነገር እኛ ከምናስተምረው ትምህርት ጋር አንድ መሆኑ አልታየንም። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚኮማተር የሸክላ ዓይነት እንዳለበት በመጽሐፍ አንብበናል። ያ በመጽሐፍ ያነበብነው ነገር እግራችን ሥር መሆኑን ግን ልብ አላልንም።

ታዲያ በክፍል ውስጥ ምን ነበር የምናስተምረው? «አፈር በሦስት ይከፈላል፤ አሸዋማ አፈር፣ ሸክላማ አፈር፣ ለም አፈር» ብለን ሰሌዳ ላይ እንጽፋለን፤ ልጆቹ ይገለብጣሉ፤ በፈተና ላይ ይመልሱታል። አንድ ጊዜ ከሰሜን ሸዋ፣ ከእነዋሪ በኩል የመጣ ተማሪ «አፈር ስንት ዓይነት ነው?» ብለን ብንጠይቀው «ጋሼ፣ የማን አገር አፈር?» ብሎ መለሰልን። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኛም ሳቅንና «ተቀመጥ» አልነው። ያ ልጅ ግን ስለ አፈር ከተጠየቁት ጥያቄዎች ሁሉ ትልቁን ነበር የጠየቀው። የጥያቄውን ታሪክ በኋላ በጡረታችን ጊዜ ስናነብ ነው የተረዳነው። ዛሬ ልንተርክላችሁ ያሰብነውም እሱኑ ነው። (የዘመን ቁጥሩን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አድርገናል።)

የአፈር ልዩነት በጥንት ዘመን የታወቀ ነገር ነው። የጥንት ግብፆች አገራቸውን «ጥቁሩ ምድር» ይሉት ነበር፤ በረሃውን ደግሞ «ቀዩ ምድር»። ጥቁሩን ምድር ያመጣላቸው የዓባይ ጎርፍ ነበር፤ ከዚያም ጎርፍ የሚበዛው ከእኛው ደጋ ታጥቦ የወረደ አፈር መሆኑን ማንም ያውቀዋል። በቻይና ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው አንድ መጽሐፍ የአገሪቱን ዘጠኝ ክፍሎች አፈር በቀለሙና በለምነቱ ደረጃ እየለየ ይዘረዝራል፤ ዝርዝሩም ለግብር ነበር። በቤጂንግ ከተማ በ1421 የተሠራ አንድ የመሥዋዕት መድረክ አለ፤ በላዩ ላይ አምስት ቀለም ያለው አፈር ተነጥፎበታል። መካከሉ ቢጫ፣ ምሥራቁ ሰማያዊ ቢጤ፣ ደቡቡ ቀይ፣ ምዕራቡ ነጭ፣ ሰሜኑ ጥቁር ነው። በእኛም አገር ቢሆን ከጣሊያን ወረራ በኋላ የወጡት የመሬት ግብር ሕጎች መሬቱን «ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ» ብለው መክፈላቸውን የዕድሜ ባለጸጎቻችን አይረሱትም። መንግሥት አፈርን የሚያስታውሰው አብዛኛውን ጊዜ በግብር ወራት ነው።

ይሁን እንጂ መለየት አንድ ነገር ነው፤ ለምን ተለየ ብሎ መጠየቅ ሌላ ነው። እስከ 19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ በአውሮፓ ያሉ ሊቃውንት አፈርን የሚያዩት በሁለት መንገድ ነበር። ኬሚስቶቹ፣ በተለይም በ1840 ስለ እርሻ ኬሚስትሪ መጽሐፍ ያሳተመው ጀርመናዊው ሊቢግና ተከታዮቹ፣ አፈርን እንደ ጎተራ ያዩት ነበር፤ ሰብሉ ምግቡን ያወጣል፣ ገበሬው መልሶ ይሞላል። የሥነ ምድር ሰዎች ደግሞ አፈር የደቀቀ ድንጋይ ነው ብለው ያልፉት ነበር። ሁለቱም ውሸት አልተናገሩም። ግን አንድ ዓይነት ድንጋይ አንዱ ቦታ ቀይ፣ ሌላው ቦታ ጥቁር አፈር ለምን እንደሚሆን በዚህ ብቻ ማስረዳት አይቻልም።

ይህን ያስረዳው ቫሲሊ ዶኩቻዬቭ የተባለ ሩሲያዊ ነው። በ1846 ከገጠር ቄስ ተወለደ። በመጀመሪያ የገባውም የቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ነበር፤ በኋላ ነው ወደ ሳይንስ የዞረው። በ1870ዎቹ ዓመታት የሩሲያን ጥቁር አፈር አገር ድርቅ መታው። ያ አገር የሩሲያ የእህል ጎተራ ነበርና ነገሩ አሳሰበ። አንድ የአገሪቱ የምጣኔ ሀብት ማኅበር በ1877 ዶኩቻዬቭን ጥቁሩን አፈር አጥና ብሎ ላከው። እሱም ወደ 10,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጓዘ። በየደረሰበት ጉድጓድ እያስቆፈረ፣ የጉድጓዱን ግድግዳ አፅድቶ ከላይ እስከ ታች ያየዋል፤ ይለካል፤ ይጽፋል። የላይኛውን ድርብ «ሀ»፣ መካከለኛውን «ለ»፣ ወደ አለቱ የተጠጋውን «ሐ» እንደ ማለት በፊደላቸው «ኤ፣ ቢ፣ ሲ» ብሎ ሰየመው። ዛሬም በዓለም ሁሉ ያለ የአፈር ባለሙያ በዚሁ ፊደል ነው የሚጽፈው። እንግዲህ የእኛ መቃብር ቆፋሪዎች ስንት ጊዜ ያዩትን ግድግዳ ነው እሱ መጽሐፍ ያደረገው!

በ1883 ያወጣው «የሩሲያ ጥቁር አፈር» የተባለው መጽሐፍ የሚለው በአጭሩ ይህ ነው፦ አፈር ራሱን የቻለ ፍጥረት ነው፤ የሚወለድበት ምክንያትም አምስት ነው። ከሥሩ ያለው አለት፣ የአየሩ ጠባይ፣ በላዩና በውስጡ የሚኖሩ ዕፀዋትና እንስሳት፣ የመሬቱ አቀማመጥ፣ ዕድሜውም። ከአምስቱ አንዱ ሲለወጥ አፈሩ ይለወጣል። ጥቁሩን አፈር ጥቁር ያደረገው ድንጋዩ ሳይሆን ሣሩ መሆኑን አሳየ። የዚያ አገር ሣር ሥሩ ጥልቅ ነው፤ በየዓመቱ ይሞታል። ክረምቱ ብርድ፣ በጋው ድርቅ ስለሆነ የሞተው ሥር ቶሎ አይበሰብስም፤ እንዲሁ እየተከማቸ ከአንድ ሜትር በላይ ጥቁር ይሆናል።

እኛን ከሁሉ የበለጠ የነካን ግን የስሞቹ ነገር ነው። ዶኩቻዬቭ ለአፈሮቹ ስም የወሰደው ከገበሬው አፍ ነው። «ቸርኖዜም» ማለት በሩሲያ ገበሬ ቋንቋ ጥቁር መሬት ነው። በሰሜን በኩል ባለው የጥድ ደን ውስጥ ያለውን አፈር ደግሞ ገበሬዎቹ «ፖድዞል» ይሉታል፤ «ከሥሩ አመድ» እንደ ማለት ነው። ሲያርሱ ማረሻው ከሥር አመድ የመሰለ ነጣ ያለ አፈር ያወጣልና። ምክንያቱም ታውቋል፤ ከጥድ ቅጠል የሚወጣው ኮምጣጣ ውሃ ብረቱን ከላይ አጥቦ ወደ ታች ያወርደዋል፤ የተራቆተው ድርብ አመድ መስሎ ይቀራል። እነዚህ ሁለት የገበሬ ቃላት ዛሬ በቶኪዮም፣ በናይሮቢም፣ በብራዚልም ዩኒቨርሲቲ ሲጠሩ ይውላሉ። ጃፓኖችም ጊዜያቸውን ጠብቀው ከእሳተ ገሞራ አመድ ለሚወለደው አፈር ስም ሰጥተዋል፤ «አንዶሶል» የሚባለው «አንዶ» ከተባለ የጃፓን ቃል የመጣ ነው፤ ጠቆር ያለ አፈር ማለት ነው።

ዶኩቻዬቭ መጽሐፍ ጽፎ አልተቀመጠም። በ1889 የሩሲያን የአፈር ስብስብ በፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን አሳይቶ የወርቅ ሜዳልያ አገኘ። በ1891 በሩሲያ ታላቅ ረሃብ ሲሆን ስለዚያ ጥቁር አፈር አገር ድሮና ዘንድሮ አንድ መጽሐፍ ጽፎ ገቢውን ለተራቡት ሰጠ። ከዚያም በቮሮኔዥ ሜዳ ላይ ነፋስ የሚከላከሉ የዛፍ መደዳዎች ማስተከል ጀመረ። ዛሬ ፑዋቪ በምትባለው የፖላንድ ከተማ በነበረው የእርሻ ተቋም ውስጥ በ1894 የአፈር ትምህርት ለብቻው ክፍል ተከፈተለት፤ ሲቢርትሴቭ የተባለው ተማሪው የመጀመሪያው ፕሮፌሰር ሆነ። እስከዚያ ድረስ አፈር የሌላ ትምህርት ጭራ ነበር። በ1904 ደግሞ በሴንት ፒተርስበርግ የአፈር ሙዚየም ተከፈተ። ዶኩቻዬቭ ግን ከአንድ ዓመት በፊት ሞቶ ስለነበር አላየውም።

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር፤ የእኛ የአፈር ትምህርት የመጣው በዚያ በኩል ነውና። የአሜሪካ መንግሥት የአፈር መሥሪያ ቤት በ1909 ባወጣው ጽሑፍ አፈር የማያልቅ፣ የማይጠፋ ሀብት ነው ብሎ ነበር። ያ መሥሪያ ቤት የቀጠረው ሂዩ ሃሞንድ ቤኔት የተባለ ወጣት ግን ከዚያ አስቀድሞ፣ በ1905፣ በቨርጂኒያ ክፍለ ሀገር ሌላ ነገር አይቶ ነበር። ሁለት ጎን ለጎን ያሉ መሬቶች ናቸው። ተዳፋታቸው አንድ ነው፤ አለታቸውም አንድ ነው። በደን የተሸፈነው አፈር ለስላሳ፣ በእጅ የሚዛቅ ነው። ለብዙ ዘመን የታረሰው ግን የላዩ ተጠርጎ ሄዶ ደረቅ ሸክላ ብቻ ቀርቶታል። ገበሬው መሬቴ ከፋ ይላል እንጂ የላይኛው አፈር በየዝናቡ በትንሽ በትንሹ እንደ ሄደ አላየም። ቤኔት ከዚያ በኋላ ዕድሜውን በሙሉ ይህንኑ ሲለፍፍ ኖረ። የሰማው ግን ትንሽ ነበር።

በ1930ዎቹ ግን ሰማይ ራሱ ተናገረለት። የአሜሪካ መካከለኛ ሜዳ ከሩሲያው ጥቁር አፈር አገር ጋር የሚመሳሰል የሣር አገር ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ስንዴ ሲወደድ ሣሩ በትራክተር ተገለበጠ። ድርቁ ሲመጣ አፈሩን የሚይዘው ሥር አልነበረም። በግንቦት 1934 የተነሣው አቧራ ኒው ዮርክ ደርሶ በውቅያኖስ ላይ ባሉ መርከቦች ላይ ወረደ። ሚያዝያ 14 ቀን 1935 ደግሞ በኦክላሆማና በጎረቤቶቿ ላይ ቀኑ ጨለማ ሆነ፤ ዕለቲቱም «ጥቁር እሑድ» ተብላ ቀረች። ቤኔት በዋሽንግተን በሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ስለ አፈር ሲናገር፣ የአቧራው ደመና ከተማይቱ ላይ እስኪደርስ ንግግሩን እያስረዘመ ጠበቀው ይባላል። አይ ብልሃት! በዚያው ወር አፈር የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት በሕግ ተቋቋመ።

የሩሲያውያኑ ትምህርት ወደ አሜሪካ የገባው ደግሞ በመጽሐፍ ትርጉም ነው። የዶኩቻዬቭ ተከታይ የሆነው ግሊንካ በ1914 በጀርመንኛ ያሳተመውን፣ የአሜሪካ የአፈር ጥናት ኃላፊ የነበረው ኩርቲስ ማርበት ተርጉሞ በ1927 በእንግሊዝኛ አወጣው። ማርበት ወደ ቻይና ሲጓዝ በ1935 በሐርቢን ከተማ ታሞ ሞተ።

የአቧራው ማዕበል ከመታቸው አገሮች መካከል ኦክላሆማ እንደ ነበረች ልብ በሉልን። የኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበረው ሄንሪ ቤኔት (ከላይኛው ቤኔት ጋር ስም እንጂ ሌላ አያገናኛቸውም) በ1950 ወደ አገራችን መጥቶ ነበር። በኋላ የአሜሪካ የቴክኒክ እርዳታ ድርጅት ኃላፊ ሆነ፤ በ1951 መጨረሻ ላይ በኢራን ቴህራን አጠገብ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። እሱ የጀመረው ነገር ግን አልቀረም፤ በ1952 ስምምነት ተፈረመ፤ ከኦክላሆማ የመጡ መምህራን መጀመሪያ በጅማ፣ ከዚያም በአለማያ ማስተማር ጀመሩ። የአለማያ ኮሌጅ በ1958 ተመረቀ። የኦክላሆማ ሰዎች እስከ 1968 ቆዩ። ከነርሱ አንዱ ኤች. ኤፍ. መርፊ በአገራችን ብዙ ቦታ እየዞረ አፈር እየሰበሰበ መርምሮ፣ ውጤቱን በአለማያ አሳተመ። የእኛን መምህራን ያስተማሩት ከዚያ የወጡ ነበሩ። ስለዚህ የዶኩቻዬቭ ጉድጓድ በጀርመንኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በኦክላሆማና በአለማያ በኩል አድርጎ እኛ ክፍል ሲደርስ ሦስት መስመር ሆኖ ነበር፤ «አሸዋማ፣ ሸክላማ፣ ለም»። በመንገድ ላይ የወደቀው ዋናው ነገር ነው። ጉድጓዱ ወደቀ፤ የገበሬው ስም ወደቀ።

ለመሆኑ የእኛስ ገበሬ ስም አጥቶ ነው? ጥቁሩን አፈር ዋልካ ይለዋል፤ በሸዋ መረሬ የሚሉት አሉ፤ በኦሮምኛ ኮትቻ ነው፤ በትግርኛም ዋልካ ነው። ይኸው አፈር በሞሮኮ «ቲርስ»፣ በሕንድ «ሬጉር» ይባላል። ሕንዶች ጥጥ ስለሚዘሩበት እንግሊዞች «ብላክ ኮተን» አሉት፤ የእኛም መሐንዲሶች እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይጠሩታል፤ ጥጥ ይብቀልበት አይብቀልበት! በአውስትራሊያ ይህ አፈር እያበጠና እየተኮማተረ በሜዳው ላይ የሚሠራውን ጉብታና ጎድጓዳ የአገሩ ተወላጆች «ጊልጋይ» ይሉታል፤ ያ ቃል ሳይንሱ ውስጥ ገብቷል። ለአፈሩ ለራሱ ግን ሊቃውንቱ በ1960 ገደማ «ቨርቲሶል» የሚል ከላቲን የተሠራ ስም አወጡለት፤ «የሚገላበጥ» ለማለት ነው። በበጋ ሲሰነጠቅ የላዩ አፈር ወደ ስንጥቁ ይገባል፤ በክረምት ሲያብጥ የታችኛው ወደ ላይ ይገፋል፤ እንዲህ እያለ ራሱን ያርሳል። በአገራችን ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የሚሆነው መሬት ይህ አፈር ነው። ይህን ያህል ዋልካ እያለን «ዋልካ» የሚለው ቃል በምናስተምርበት መጽሐፍ ውስጥ አልነበረም።

ያ ከእነዋሪ የመጣ ልጅ ሊነግረን የነበረውን በኋላ አንብበን አገኘነው። በእነዋሪ ገበሬው ከነቤተሰቡ፣ ሴቶችና ልጆችም ጭምር፣ ከታረሰ በኋላ አፈሩን በእጃቸው እየዛቁ ሰፋ ያለ መደብ ይሠራሉ፤ በመደቦቹ መካከል ውሃው እየፈሰሰ ይሄዳል። በዚህም ሌላው ገበሬ ዋልካው እስኪጠፈጥፍ እየጠበቀ በክረምት መውጫ ላይ ሲዘራ፣ እነርሱ ቀድመው ስንዴ ይዘራሉ። በ1980ዎቹ ዓመታት የተመራማሪዎች ቡድን ይህንን አይቶ ከሁለት የአገር ማረሻ የተገጣጠመ መደብ ማውጫ ሠራ፤ በበሬ የሚጎተት ነው። ልጁ የሚያውቀው ይህን ነበር። እኛ «ተቀመጥ» አልነው።

ስለ ሌላው ዓለም አፈር ስናስተምርም እንዲሁ ነበር የምንሳሳተው። የአማዞንን ደን ሥዕል እያሳየን «እንዲህ ያለ ደን የሚያበቅል አፈር እንዴት ለም ይሆን!» እንል ነበር። ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። እዚያ ያለው አብዛኛው አፈር በሙቀትና በዝናብ ለብዙ ሺህ ሺህ ዓመታት ሲታጠብ ኖሮ ምግቡን የጨረሰ ነው። ደኑ የሚኖረው የራሱን ቅጠል መልሶ እየበላ ነው፤ ከተመነጠረ በጥቂት ዓመታት ምርቱ ይወድቃል። በዚያው በአማዞን ውስጥ ግን እዚህም እዚያም ጥቁር ለም አፈር ይገኛል። ሲቆፈር ከሰል፣ ገልና አጥንት ይወጣዋል፤ ቀድሞ በዚያ የኖሩ ሰዎች ከምድጃቸውና ከጉድፋቸው የሠሩት አፈር ነው። ከአምስቱ ምክንያቶች ላይ የሰው እጅ ቢጨመር ጥሩ ነው የሚሉ ሊቃውንት ያሉት በከንቱ አይደለም። የእኛም እትዬዎች አመድና ጉድፍ ጓሮ ሲደፉ፣ ጎመኑ ለምን እዚያ ላይ እንደሚያምር ያውቁታል።

የዓለምን አፈር ሁሉ በአንድ ካርታ ላይ ለማየት የተቻለው በቅርብ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የእርሻና የምግብ ድርጅትና ዩኔስኮ በ1961 ጀምረው በ1981 ጨረሱት። አንዱ ሳንቲ ሜትር 50 ኪሎ ሜትር ነው፤ ስለዚህ የእኛ ሠፈር አንድ ነጥብም አትሞላም። በ1966 ደግሞ በኔዘርላንድስ የዓለም የአፈር ሙዚየም ተቋቋመ፤ መጀመሪያ በዩትሬክት ነበር፤ በኋላ ወደ ቫኽኒንገን ተዛወረ። ከየአገሩ ከጉድጓድ ግድግዳ ላይ እንደ ጣውላ ተቆርጦ የወጣ አፈር እንዳይፈርስ በማጣበቂያ ጠንክሮ በግድግዳው ላይ ተደርድሯል። አንድ ተማሪ በአንድ አዳራሽ ውስጥ የሩሲያውን ጥቁር፣ የብራዚሉን ቀይ፣ የሰሜኑን አመድማ አፈር ጎን ለጎን ቆሞ ያያል። እንዲህ ያለውን ለተማሪዎቻችን ለማሳየት ምን ያህል በጓጓን!

ግን ወደ ቫኽኒንገን መሄድ አያስፈልግም። ጄፍሪ ሚልን የተባለ እንግሊዛዊ በ1935 በጎረቤታችን በታንጋኒካ ሆኖ አንድ ነገር ጽፏል። ከኮረብታ አናት እስከ ሜዳው ድረስ ቢኬድ አፈሩ እንደ ሰንሰለት ቀለበት ተያይዞ ይለወጣል፤ ከላይ ውሃው የሚወርድበት ቀይ፣ ከታች ውሃው የሚተኛበት ጥቁር ይሆናል። ከእንጦጦ ግርጌ ተነሥተን በአንበሳ አውቶቡስ እስከ አቃቂ ብንወርድ፣ መስኮት ላይ ለተቀመጠ ልጅ ትምህርቱ በመንገድ ዳር ተዘርግቶለታል። በየሠፈሩም ለሕንፃ መሠረት የሚቆፈረው ጉድጓድ ዶኩቻዬቭ ቢያየው የሚመኘው ነው።

በዚህ ዓመት በክረምቱ ዕረፍት የእድራችንን ልጆች አሥራ አራት ሆነው ሰብስበን ወደ አንዱ እንዲህ ያለ ጉድጓድ ወሰድናቸው። ዘበኛው መጀመሪያ አልፈቀደም ነበር፤ በኋላ ራሱ ገበሬ ነበርና አብሮን ገብቶ ከእኛ የተሻለ አስተማረ። ልጆቹ አፈሩን በውሃ እያራሱ በመዳፋቸው አድቦለቦሉት። የዋልካው እንደ ገመድ ረዘመ፤ በላስቲክ ይዘን የሄድነው ከእንጦጦ በኩል የመጣው ቀይ ቶሎ ተቆረጠ። አንዲት ሴት ልጅ የደረቀውን ዋልካ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ከታ አበጠ አላበጠ እያለች ስታይ ውላ ማታ ለአያትዋ አሳየች። አንድ ልጅ ከጅማ ዘመዶቹ የቡና አፈር አስመጣ፤ ሌላው ከዝዋይ በኩል ነጣ ያለ አመድማ አፈር በፌስታል ይዞ መጣ። ጠርሙሶቹ አሁን በዕቃ ቤቱ መደርደሪያ ላይ፣ ከብረት ድስቶቹ አጠገብ፣ ስማቸው ተጽፎባቸው ተቀምጠዋል። በመጀመሪያው ላይ የተጻፈው «ዋልካ፤ ከዚሁ ቤት ጀርባ» ይላል።

የዕቃ ቤቱ ጥገና ዋልካው ደርቆ ሲቆፈር ከጥር ወር በኋላ ይጀመራል። ወጪው በገንዘብ ያዡ ሪፖርት ውስጥ ተዘርዝሯል፤ የገረጋንቲው ዋጋ ብቻ ገና አልተቆረጠም። ያኔ ያልሰማናቸው የመንገድ ሥራው አባላችን የኮሚቴው ሰብሳቢ ሆነዋል። ዲጂኖ ያላችሁ አባላት ስማችሁን እንድታስመዘግቡ እሳቸው ጠይቀዋል።